ለሕፃናት የበዓል ስጦታ ከጓሮና ከጓዳ፤ ምን እንስጣቸው? ከምንስ እንጠብቃቸው?

ባሕር ዳር፦ ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም

አዲሱ ዓመት ሊጠባ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። የገጠሩም ሆነ የከተማው ገበያ ደርቷል። በጉ፣ ዶሮው፣ ቅቤውና ሽንኩርቱ የወላጅን ኪስ ቀድመው ይዘውታል። ሕፃናት ግን የበዓሉን ወጪ አያውቁም። አባት ከገበያ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ተቀብለው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለእኔስ ምን አመጣህልኝ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆኑ በየመንገዱ ዳር የተደረደሩት አንጸባራቂ የፕላስቲክ መኪናዎችና አሻንጉሊቶች ለብዙ ቤተሰብ ዋጋቸው የሚቀመስ አይደለም። የተገዙትም ቢሆኑ ብዙውን ጊዜ መስቀል ሳይደርስ ጎማቸው ወልቆ፣ ባትሪያቸው አልቆ ጥግ ይይዛሉ። በአንጻሩ ከጓሮ፣ ከጓዳና ከማሳ የሚገኙ ቁሳቁሶች በጥቂት ሥራ ሕፃን ልጅ ለወራት የማይሰለቸው መጫወቻ ይሆናሉ። ያው ጓሮና ጓዳ ግን በመጫወቻ መልክ የልጅን ሕይወት ሊቀጥፍ የሚችል ነገርም ይዟል። ይህ ጽሑፍ ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ሕፃናት በቤት ውስጥ ምን ሠርቶ መስጠት እንደሚቻል፣ ከእጃቸው መራቅ ያለበት ምን እንደሆነ፣ አደጋ ቢደርስም ምን መደረግ እንዳለበት ያብራራል።

ጨዋታ ለሕፃን ምኑ ነው?

«ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» ይላል የአገራችን አባባል። አባባሉ ትልቅ ሰው ከማይመጥነው ጋር እየተጋፋ ክብሩን እንዳያጣ ለመምከር የተነገረ ነው። በየቤቱ ግን ቃል በቃል የተወሰደ ይመስላል። ለልጁ የሚበላውንና የሚለብሰውን ለማሟላት ቀን ከሌት የሚደክም አባት፣ ከዚያው ልጅ ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ መጫወትን እንደ ሥራ ፈትነት የሚቆጥርበት ቤት ጥቂት አይደለም።

ቋንቋችን ግን ሌላ ነገር ይመሰክራል። በአማርኛ ጨዋታ ማለት ሩጫና ኳስ ብቻ አይደለም፤ ወግም ጨዋታ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቱ እንጂ» የምንለው እንዲያወጋ፣ እንዲቀርበን፣ ቤተኛ እንዲሆን ነው። ሕፃንም ከትልቅ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። መጫወቻው የወጉ መነሻ ይሆናል እንጂ ወጉን አይተካም።

የሰው ልጅ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት የሚያድገውን ያህል በሌላ የዕድሜ ክልል በፍጥነት አያድግም። ሕፃኑ ድምፅ ሲያወጣ እናት ስትመልስለት፣ ጣቱን ወደ ዶሮዋ ሲቀስር አባት «አዎ፣ ዶሮ ናት» ሲለው፣ የጣለውን ኳስ አያቱ አንስተው ሲያቀብሉት አንጎሉ ውስጥ ያሉት ግንኙነቶች ይጠነክራሉ። ይህ የመቀባበል ልማድ ለቋንቋ፣ ለማስታወስ ችሎታና ስሜትን ለመግራት መሠረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) እ.ኤ.አ በ2018 ከሌሎች አጋሮች ጋር ይፋ ያደረጉት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍም ጤናን፣ ተመጣጣኝ ምግብን፣ ደኅንነትን፣ ለሕፃኑ ፍላጎት ምላሽ የሚሰጥ አሳዳጊንና የመማር ዕድልን እኩል አምስት ምሰሶዎች አድርጎ ያስቀምጣል። በሕፃንነት ዘመን የመማሪያው ዋነኛ መንገድ ደግሞ ጨዋታ ነው።

ጉዳዩ የመብትም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የልጅን የማረፍና የመጫወት መብት ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በመጋቢት 2016 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ በየዓመቱ ሰኔ 4 ዓለም አቀፍ የጨዋታ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል።

ከልደት እስከ አንድ ዓመት፦ ፊት፣ ድምፅና የሚጨበጥ ነገር

ገና የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያ መጫወቻው የእናቱና የአባቱ ፊት ነው። ቅርብ ሆኖ ማየት፣ ፈገግ ማለት፣ እሹሩሩ እያሉ ማባበል፣ ሕፃኑ የሚያወጣውን ድምፅ ደግሞ ማሰማት ምንም ወጪ የላቸውም። ደማቅ ጥለት ያለው ነጠላ ሕፃኑ ሊያየው በሚችልበት፣ ሊጎትተው ግን በማይችልበት ርቀት ቢሰቀል ዓይኑን ያሠለጥናል። ሕፃኑ ነቅቶ ባለበትና ሰው አጠገቡ በሆነበት ሰዓት በንጹሕ ምንጣፍ ላይ በሆዱ ማስተኛትም አንገቱንና ትከሻውን ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ገና መዳህ ላልጀመሩ ሕፃናት ይህ በቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ቢያንስ 30 ደቂቃ እንዲሆን ይመክራል። ለእንቅልፍ ሲሆን ግን ሕፃን በጀርባው መተኛት አለበት።

እጁ መጨበጥ ሲጀምር የሚያንቋቋ መጫወቻ ይወዳል። ለዚህ በደንብ የደረቀች ትንሽ ቅል ተስማሚ ናት። ሳትከፈት የደረቀች ቅል ፍሬዋ በውስጧ ስለሚቀር ስትነቀነቅ ድምፅ ትሰጣለች፤ ክዳን ስለሌላትም በቀላሉ አትከፈትም። መጠኗ ከሕፃኑ አፍ የሚበልጥ መሆን አለበት። ከመስጠት በፊት ላይዋን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ በየጊዜውም ስንጥቅ እንዳላወጣች ማየት ይገባል። የተሰነጠቀች ቅል ከሕፃን እጅ ትወሰዳለች።

ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ ነገር ማስገባትና ማውጣት፣ መጣልና ማስነሳት የሚያስደስተው ዕድሜ ይመጣል። ትንሽ ሙዳይ ወይም ሰፌድ፣ የማይሰበሩ ኩባያዎች፣ ከቆሎ ወይም ከጠጠር ይልቅ በጡጫ ልክ የተጠቀለሉ የተለያየ ቀለም ያላቸው ጨርቆች ይበቁታል። ኩባያውን በነጠላ ሸፍኖ «የት ሄደ?» ብሎ መልሶ መግለጥ የድብብቆሽ ሀሁ ነው። ሕፃኑ ከዓይኑ የተሰወረ ነገር እንዳልጠፋ የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። እናቱ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሥራ ስትሄድ ተመልሳ እንደምትመጣ ማመንም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት፦ መገንባት፣ መጎተት፣ መወርወር

መራመድ የጀመረ ሕፃን ሰውነቱ እረፍት አይፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ እስከ አራት ዓመት ያሉ ሕፃናት በቀን በድምሩ ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ከቤት ውጭ ሰፊ ደጅ ያለው የገጠር ልጅ ይህን ያለ ችግር ያገኘዋል። በኪራይ ጠባብ ክፍል የሚያድግ የከተማ ልጅ ግን ሆን ተብሎ መውጫ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ለዚህ ዕድሜ ከሚመቹት ሁሉ የሚቀድመው የጨርቅ ኳስ ነው። አሮጌ ካልሲን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቆ አፉን በመርፌና ክር አጥብቆ መስፋት ብቻ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ቢወረወር ዕቃ አይሰብርም፤ ፊት ላይ ቢያርፍም አያምም። ቁልፍና ጌጥ አይሰፋበትም።

ሁለተኛው የእንጨት ብሎኬት ነው። እንጨት ሥራ ቤቶች ቁርጥራጭ ይጥላሉ። ቀለምና ኬሚካል ያልነካውን መርጦ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልስ አሽቶ መስጠት ይቻላል። ከስምንት እስከ አሥር የሚሆኑ፣ ከልጁ ጡጫ የሚበልጡ ቁርጥራጮች ይበቃሉ። ልጁ ይደረድራል፣ ይንዳል፣ እንደገና ይደረድራል። ግንቡ በተናደ ቁጥር ሚዛንና ትዕግሥት ይማራል።

ሦስተኛው የሚጎተት ጋሪ ነው። በገጠር ልጆች ከበቆሎና ከማሽላ አገዳ ጋሪ፣ መነጽርና ቤት መሥራታቸው የቆየ ብልሃት ነው። ለትንንሾቹ ግን ወላጅ ወይም ታላቅ እኅት ሠርተው መስጠት አለባቸው። የአገዳ ልጣጭ እንደ ምላጭ ይቆርጣልና ለዚህ ዕድሜ የካርቶን ሣጥን የተሻለ ነው። በአጭር ገመድ ሲጎተት የልጁ ጋሪ ይሆናል፤ ሲገለበጥ ደግሞ ቤት። የገመዱ ርዝመት አንገት የሚጠመጥም እንዳይሆን ከስንዝር ብዙም እንዳይበልጥ ማድረግ ይገባል።

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፦ ጭቃ፣ ሊጥና ዕቃ ዕቃ

በዚህ ዕድሜ ልጅ በዙሪያው የሚያየውን ሕይወት በጨዋታ ይደግመዋል። ቡና ያፈላል፣ እንጀራ ይጋግራል፣ ያርሳል፣ ይሸጣል፣ ያስታምማል። ዕቃ ዕቃ የምንለው ጨዋታ ልጅ ስለ ሰው የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። ለዚህ የሚሰጠው ስጦታ ውድ መሆን የለበትም፤ ትንሽ ምድጃ፣ ጆሮዋ የተሰበረ ነገር ግን ሹል ጠርዝ የሌላት ጀበና፣ አሮጌ ሻሽ፣ የአባት ያረጀ ኮፍያ ይበቃሉ።

የጭቃ ሥራ ደግሞ የገጠር ልጅ ጥንታዊ ሀብት ነው። ዋልካ ወይም ሸክላ አፈር ከጠጠርና ከሥር ተለቅሞ፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረበት እጅ ላይ መጣበቅ እስኪያቆም ይታሻል። ቤት ሲመረግ እንደሚደረገው ጥቂት የደቀቀ የጤፍ ጭድ ቢጨመርበት ሲደርቅ አይሰነጠቅም። የተሠራው በሬ፣ በግ ወይም ጎጆ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ። አፈሩ ከበረት፣ ከመጸዳጃ ቤትና የመድኃኒት መርጫ ከሚታጠብበት ቦታ የራቀ መሆን አለበት። አባት ሁለት የጭቃ በሬዎች ጠምዶ ከስንጥር ሞፈርና ቀንበር ቢሠራላቸው፣ ልጁ የእርሻ ዕቃዎችን ስም ከነሥራቸው ይማራል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ቢባልም የልጅ ቡኮ ለእራት አይደለም የሚፈለገው። የበዓል ዳቦ ሲቦካ እፍኝ የማትሞላ ሊጥ ተቆርሳ ለልጁ ብትሰጥ፣ እያድበለበለና እየጠፈጠፈ ጣቶቹን ያጠነክራል። ነገ እርሳስ የሚይዙት እነዚሁ ጣቶች ናቸው። የሠራት ትንሽ ዳቦ አብራ ተጋግራ ስትወጣ የሚሰማው ኩራት ከሱቅ የሚገዛ አይደለም።

ወቅቱ የበቆሎ እሸት ወቅት እንደመሆኑ ሌላም ስጦታ በእጃችን አለ። የእሸቱ ልባስ ቅጠሎች ተላጠው፣ ለጥቂት ሰዓታት በጥላ ጠውልገው፣ በመሐላቸው ታጥፈው በክር ሲታሰሩ ራስ ይወጣቸዋል፤ ከታች ሲዘረጉ ቀሚስ ይሆናሉ። የበቆሎው ጸጉር ደግሞ ሹሩባ ይሆናል። አሻንጉሊት የሴት ልጅ፣ መኪና የወንድ ልጅ ብቻ ነው ብሎ መለየት አያስፈልግም። አሻንጉሊት የሚያዝል ወንድ ልጅ አባትነትን ይለማመዳል፤ የጭቃ በሬ የምትነዳ ሴት ልጅም ግብርናን ታውቃለች።

አምስትና ስድስት ዓመት፦ መቁጠር፣ ማሰብ፣ መንከባከብ

ትምህርት ቤት ሊገባ የተቃረበ ልጅ ሕግ ያለው ጨዋታ ይችላል። ገበጣ ለዚህ የሚወዳደረው የለም። ከተለመዱት አደራደሮች አንዱ እያንዳንዳቸው ስድስት ጉድጓድ ያላቸው ሁለት ረድፎች በመሬት ላይ ተቆፍረው በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት አራት ጠጠር የሚደረግበት ነው። ድምሩ 48 ጠጠር ነው። ልጁ ሲያካፍል፣ ሲያድልና ሲሰበስብ ሒሳብ እየሠራ መሆኑን አያውቅም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ በ1971 ስለ ኢትዮጵያና አካባቢዋ የገበጣ ጨዋታዎች ሰፊ ጥናት ማሳተማቸው ጨዋታው ምን ያህል ብዙ ዓይነትና ሥር እንዳለው ያሳያል። ቅልልቦሽ ዓይንና እጅን ያቀናጃል፤ ሰኞ ማክሰኞ ሚዛንን ያስተምራል፤ መሃረቤን ያያችሁ ደግሞ ተራ መጠበቅን።

እንቆቅልሽም ራሱ ስጦታ ነው። መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ስጠኝ ሲባል አገር ይሰጣል። ልጁ ጎንደርን ይቀበላል፣ ደሴን ይመልሳል። በአንድ ምሽት ቃላትን፣ የአገር ስምና የማሰብ ብልሃትን ያለ አንዳች ወጪ ይወርሳል።

ከግብርናው ወገን ሁለት ስጦታዎች ይጨመሩ። አንደኛው የልጅ መደብ ነው፤ ከጓሮ ክንድ በክንድ የሚሆን ቦታ ከልሎ «ይህ የአንተ ነው»፣ «ይህ የአንቺ ነው» ብሎ መስጠት። ጎመንና ቦሎቄ ቶሎ ስለሚበቅሉ ልጅ ተስፋ ሳይቆርጥ ያያቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከከረጢት የሚወጣው ምርጥ ዘር፣ በተለይ በቆሎ፣ ብዙ ጊዜ በፀረ ተባይ መድኃኒት የታሸና ቀለም የተቀባ ነው። ቀለሙ ልጅን ይስባል፤ ነገር ግን መርዝ ነው። ለልጅ የሚሰጠው ያልታሸ ዘር ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ስጦታ ጫጩት ነው። አያት ለልጅ ልጅ ጫጩት ወይም ግልገል መስጠት ደግ ልማድ ነው፤ ልጅ ኃላፊነትን የሚማረው ውኃና ጥሬ ማቅረብ ሲለምድ ነው። ይሁን እንጂ ዶሮዎች ልጅ ከሚተኛበት ክፍል ውጭ ማደር አለባቸው፤ ከነካኩም በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግድ ነው።

ከልጅ እጅ መራቅ ያለባቸው

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በግብርና ኮሌጅ ስለ ባዶ የመድኃኒት ዕቃ አወጋገድ ስትማር ትምህርቱን ከማሳና ከመርጫ ጋር ብቻ ነበር የምታያይዘው። በየቀበሌው ስትዘዋወር ግን በልጆች እጅ የምታየው ባለ ቀለም ጠርሙስ ትምህርቱ የቤትም ጉዳይ መሆኑን አሳይቷታል። ወቅቱ የጤፍ፣ የስንዴና የበቆሎ ማሳ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ የሚረጭበት ነው። በየድንበሩ የሚጣለው ባዶ ጠርሙስ ለልጅ መኪና፣ ለዕቃ ዕቃ ጋን፣ ሲብስም ውኃ መቅጃ ይሆናል። ታጥቦ እንኳ ቅሪት ስለሚኖረው ለምንም ዓይነት ሌላ አገልግሎት መዋል የለበትም። በውኃ ተበጥብጦ የሚረጭ መድኃኒት ዕቃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቃል፤ እጣቢው ወደ መርጫው ተመልሶ በዚያው ማሳ ላይ ይረጫል፤ ዕቃውም ዳግም እንዳያገለግል ይበሳል። ከዚያ በኋላ ስለሚወገድበት መንገድ የግብርና ባለሙያን መጠየቅ ይገባል።

ከዚህም የከፋው ለጎተራ እህል የሚደረገው ክብ የነቀዝ መድኃኒት ነው። ከረሜላ ወይም ጠመኔ ይመስላል፤ እርጥበት ሲነካው ግን ገዳይ ጋዝ ይለቃል። ልጅ በማይደርስበት፣ ተቆልፎ በሚዘጋና ሰው በማይተኛበት ቦታ ብቻ መቀመጥ አለበት።

ዕፀዋትም አሉ። ምጣድ የምናሰስበት የጉሎ ፍሬ ዥንጉርጉር፣ ለስላሳና ለዶቃ የሚያምር ነው። ሲታኘክ ግን ከባድ መርዝ ይወጣዋል። የአጠፋሪስ ፍሬም እንዲሁ መርዛማ ነው። ለአጥር የምንተክለው ቅንጭብና ቁልቋል ሲሰበሩ የሚያፈሱት ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ልጆች በዱላነት እንዳይሰብሩት አስቀድሞ ማሳየትና መንገር ይገባል።

ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ደግሞ ትልቁ አደጋ መታነቅ ነው። ቆርኪ፣ ብይ፣ ሳንቲም፣ ዶቃ፣ ሽንብራ፣ ኦቾሎኒ፣ የአሻንጉሊት ዓይንና ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ የትንሽ ልጅን የአየር ቧንቧ ይዘጋሉ። ቀላሉ መለኪያ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት የሚጠቀለልበት ካርቶን ነው፤ በውስጡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ለዚህ ዕድሜ መጫወቻ አይሆንም። ታላላቅ ልጆች በጠጠርና በቆርኪ ሲጫወቱ ትንንሾቹ እንዳይለቅሙ መጠበቅ ያስፈልጋል። ውኃ የያዘ ባልዲም ለመጫወቻ ብሎ መተው አይገባም፤ ትንሽ ልጅ በጥቂት ውኃ ሊሰጥም ይችላል።

አደጋ ቢደርስስ?

ልጁ ታንቆ ማሳልም ማልቀስም ካልቻለ ሰከንዶች ዋጋ አላቸው። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ ጭንቅላቱ ወደ ታች ዘንበል እንዲል በክንድ ላይ በሆዱ አስተኝቶ በሁለቱ ትከሻ አጥንቶች መሐል በመዳፍ አምስት ጊዜ መምታት፣ ካልወጣ ገልብጦ በጡቶቹ መሐል ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው የደረት አጥንት ላይ በሁለት ጣት አምስት ጊዜ መጫን፣ እየተፈራረቁም መቀጠል ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ ከጀርባ አምስት ምት፣ ቀጥሎም ከኋላ አቅፎ ከእምብርት በላይ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ መግፋት ይገባል። የማይታይን ነገር በጣት መፈለግ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ልጁ ራሱን ከሳተ በአፋጣኝ እርዳታ መጥራትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።

የእርሻ መድኃኒት ከነካው የተበከለውን ልብስ አውልቆ ገላውን በብዙ ውኃና ሳሙና ማጠብ፣ ዓይኑን ከነካው በንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል። ከጠጣ እንዲያስመልሰው መጎርጎር ወይም ወተትና ዘይት ማጠጣት አይገባም። የመድኃኒቱን ዕቃ ወይም ጽሑፉን ይዞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ሕይወት ያድናል።

ከሱቅ ለሚገዙ

የከተማ ነዋሪ መግዛት ቢመርጥ ጥቂት ነገሮችን ያስተውል። በጥፍር ሲፋቅ የሚላጥ ቀለም፣ የሚነቀል ዓይንና ጎማ፣ የሚቆርጥ ጠርዝ፣ ጠንካራ የኬሚካል ሽታ ያለው መጫወቻ ይቅር። በቀለም ውስጥ ሊኖር የሚችለው እርሳስ ለልጅ አንጎል አደገኛ ነው፤ ጉዳት የማያደርስ የሚባል መጠንም አልተገኘለትም። የባትሪ ማስቀመጫው በብሎን የታሰረ መሆኑን ማየት ግድ ነው። በተለይ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነችው ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች። ልጅ እንዲህ ዓይነት ባትሪ መዋጡ ከተጠረጠረ ምልክት ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት።

ስልክን መጫወቻ አድርጎ መስጠትም በከተማም በገጠርም እየተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የስክሪን ጊዜ ጨርሶ አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉትም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስ ደግሞ እንደሚሻል ይናገራል። ስልክ ያሳያል እንጂ ልጁ ሲናገር ሰምቶ እንደ ወላጅ አይመልስም።

ስጦታው የማያልቅበት መንገድ

አንድ ልጅ ብዙ መጫወቻ አያስፈልገውም። ሦስቱን ሰጥቶ ሌሎቹን ማስቀመጥ፣ ከሳምንት በኋላ መለዋወጥ አሮጌውን እንደ አዲስ ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው። የአረምና የሥራ ጊዜ ጠባብ መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ቡና እስኪፈላ፣ ላም እስክትታለብ፣ እራት እስኪቀርብ ያለው ሩብ ሰዓት ለአንድ የእንቆቅልሽ ዙር፣ ለአንድ የብሎኬት ግንብ ይበቃል። አያቶችም በዚህ ረገድ የቤቱ ባለጸጋ ናቸው፤ ጊዜም ተረትም አላቸው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ስጦታ ሰጪ ይሆናሉ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ወንዶቹ የሣሉትን ሥዕል፣ ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው በየደጁ ይመጣሉ። እኛም ሳንቲም እናቀብላለን፤ ሥዕሉም ብዙ ጊዜ እስከ ማታ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ዘንድሮ ሥዕሉን ከመቀበል ጋር «ይህ ምንድን ነው? ማንን ሣልክ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱን ጎንበስ ብለን እንስማ፤ ሥዕሉንም ሁሉም በሚያየው ግድግዳ ላይ እንለጥፍ። ለሰጠን ሕፃን የምንመልሰው ትልቁ ስጦታ ይኸው ነው።